በሄክታር ስንት? ከዘቢዳር ግርጌ የሚታይ የዛፍ ቆጠራ ታሪክ

ቡታጅራ ላይ ቆሞ ወደ ምዕራብ ቀና ላለ ሰው ዘቢዳር ከፊቱ ነው። የተራራው ራስ 3719 ሜትር ይደርሳል፤ ከተማዋ ከ2000 ሜትር ጥቂት አለፍ ብላ ተቀምጣለች። በሁለቱ መካከል ያለው ዳገት ረጅም አይደለም፤ ዛፉ ግን ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል። ከማረቆ ሜዳ ጋር የሚመጣው ግራር ከታች ይቀራል። በየማሳው ዋንዛና ብሳና ይቆማሉ። ከፍ ሲሉ ወይራ፣ ጥድና ዝግባ፣ ከዚያ ኮሶ፣ ከሁሉም በላይ አስታና ጅብራ ይከተላሉ፤ ዛሬ አብዛኛው እየተቆራረጠ በየገደሉና በየጥጉ የቀረ ነው። እንዲህ ተቀላቅሎ የበቀለን ደን ላስተዳድር የሚል ሰው ከሁሉ አስቀድሞ በአንድ ሄክታር ላይ ስንት ዛፍ እንደቆመ፣ ምን ያህል እንደወፈረና ከየትኛው ዘር እንደሆነ ማወቅ አለበት። አገራችን እዚህ ለመድረስ መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አጥብቃ ስትጠይቅ የኖረችው ሌላ ነገር ነበር፤ ከመቶ ስንት እጁ መሬታችን ደን ነው እያለች።

ከቆጠራ በፊት የነበረው ክልከላ ነው። ጉራጌ ሰፊውን የመንደር ጎዳና፣ ጀፎረን፣ ማንም ገፍቶ እንዳያርሰው አድርጎ ለትውልድ አስተላልፏል። በአምልኮ ቦታዎች ዙሪያ የቆሙ ዛፎች አይነኩም ነበር፤ የመብረቁ አምላክ ቦዠም በሰው ንብረት ላይ እጁን የሚያነሳውን ይቀጣል ተብሎ ይፈራ ነበር። በሶዶ በኩል የምድረ ከብድ አቦ ገዳም ዛፎቹን በቅጥሩ ውስጥ አስጠልሏል። በሸዋ ደግሞ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው መናገሻን አስተክለዋል የሚል ወግ አለ። ሁሉም ዛፍን ያዳኑት "አትንካ" በማለት ነው። ስንቱን ብነካ ደኑ ይችለዋል የሚል ጥያቄ በእነርሱ ዘንድ አልተነሳም፤ ሕዝቡ ጥቂት፣ ዛፉ ብዙ በነበረበት ዘመንም አያስፈልግም ነበር።

ጥያቄውን ያመጣው ማገዶ ነው። አዲስ አበባ ከተቆረቆረች ብዙ ሳይቆይ ዙሪያዋ ተራቆተና ዐፄ ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከማሰብ ደረሱ። ከተማዋን ያተረፋት በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍ ነው። መፍትሔው ሠራ፤ ግን አንድ አመል ጥሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ እንጨት ሲያልቅ መልሱ "እንትከል" ሆነ። የቆመውን የተፈጥሮ ደን ለክቶ፣ የሚያፈራውን ያህል ብቻ መውሰድ የሚባለው መንገድ ወደ ጎን ቀረ።

በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1890፣ አንሪ ቢዮሌ የተባለ የስዊዘርላንድ የደን ባለሙያ ኩቬ በምትባል መንደር ሌላ መንገድ ጀመረ። ደኑ ዘሩም ዕድሜው የተቀላቀለ ነበር። ቢዮሌ ከተወሰነ ውፍረት በላይ ያለውን እያንዳንዱን ዛፍ ለካ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተመልሶ እንደገና ለካ። በሁለቱ መካከል የጨመረውን ያህል መቁረጥ፣ ከዚያም መልሶ መለካት፣ ሥራው ይኸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1898 ደግሞ ደ ሊዮኩር የተባለ ፈረንሳዊ በእንዲህ ያለ ደን ውስጥ ቀጫጭኖቹ ብዙ፣ ወፍራሞቹ ጥቂት እንደሚሆኑ፣ ቁጥሩም ከአንዱ የውፍረት ደረጃ ወደ ቀጣዩ በተቀራራቢ ምጣኔ እንደሚወርድ አሳየ። ስልሳ ቀጭን ካለ ሠላሳ መካከለኛ፣ ከዚያ አሥራ አምስት ወፍራም እንደማለት ነው። በወረቀት ሲሳል ከግራ ከፍ ብሎ ተነስቶ ወደ ቀኝ እየወረደ የሚተኛ መስመር ይወጣል። ይህ መስመር መቶ ዓመት ቆይቶ የኢትዮጵያ ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ሁሉ ይገባል።

ሦስተኛው ሰው አሜሪካዊው ሬይኒኬ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1933። ሐሳቡ ቀላል ነው። ዛፎች ሲወፍሩ እርስ በርስ ይጋፋሉ፤ ሁሉም አብረው ሊወፍሩ ስለማይችሉ ደካሞቹ ይደርቃሉ። ሬይኒኬ ጥቅጥቅ ባለ ደን ውስጥ አማካይ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን በአንድ ሄክታር የሚቆመው ቁጥር ወደ ሲሶ ግድም እንደሚወርድ አሰላ። ስለዚህ ቁጥርን ብቻ ወይም ውፍረትን ብቻ መጥቀስ ጥቅም የለውም፤ ጥግግት የሁለቱ ጋብቻ ነው። ቀመሩ ግን የተሠራው ባንድ ጊዜ ለበቀለ ደን ነበርና ጥድና ዝግባ፣ ወይራና ኮሶ በየዕድሜያቸው በተደባለቁበት ዳገት ላይ እንዳለ አይሠራም። ችግሩ መላ ያገኘው እጅግ ቆይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በቅልቅል ደን ውስጥ የጥግግቱ ጣሪያ ከዛፎቹ እንጨት ክብደት ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ፤ እንጨታቸው ከባድ የሆኑት ሲበዙ ጣሪያው ዝቅ ይላል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ የደን ሚሊሺያውን ይዞ መጣና ሄደ። ከእርሱ በኋላ ሎጋን የተባለ እንግሊዛዊ የመካከለኛውንና የደቡቡን ደን ዞሮ አየና እ.ኤ.አ. በ1946 በኦክስፎርድ አሳተመ። ሥራው የት ምን ዓይነት ደን እንዳለ ይነግራል፤ ልኬቱ ግን ገና ነው።

መለኪያው ራሱ ርካሽ የሆነው በእነዚያ ዓመታት ነው። ኦስትሪያዊው ቫልተር ቢተርሊህ እ.ኤ.አ. በ1947 እና በ1948 ባወጣው ዘዴ አንድ ሰው ባንድ ቦታ ቆሞ፣ ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞሮ የደኑን ጥግግት ማወቅ ይችላል። አንድ ሜትር ርዝመት ያለው እንጨት ይያዛል፤ ጫፉ ላይ ሁለት ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ ይመታል። ሌላኛው ጫፍ ከዓይን ሥር ይደረግና በደረት ከፍታ ላይ ወዳለው የእያንዳንዱ ዛፍ ግንድ ይነጣጠራል። ግንዱ ከቁራጩ ሰፍቶ ከታየ ይቆጠራል፤ ጠብቦ ከታየ ይታለፋል። አንድ የተቆጠረ ዛፍ በሄክታር አንድ ካሬ ሜትር ነው። ሃያ ሁለት ከተቆጠረ፣ በዚያ ቦታ ዙሪያ ያሉት ግንዶች ሁሉ በደረት ቁመት ቢቆረጡ ገጻቸው ሲደመር በሄክታር 22 ካሬ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ባለሙያዎቹ ይህን ድምር ቤዛል ኤሪያ ይሉታል። ገመድ መዘርጋት የለም፣ ማካለል የለም። ሒሳቡን ለማመን የሚቸገር ሰው ብዙ ነው፤ እውነት ግን ይሠራል።

እ.ኤ.አ. በ1951 ከርቲስና ማኪንቶሽ የተባሉ የዊስኮንሲን ሰዎች ለቅልቅል ደን የሚሆን ሌላ መላ አመጡ። የአንድን ዘር ብዛት፣ የግንዱን ስፋት ድርሻና በስንት ቦታ እንደተገኘ ደምረው ባንድ ቁጥር ክብደት ይሰጡታል። ይህም ከደ ሊዮኩር መስመር ጋር አብሮ ወደ እኛ ይመጣል።

በ1957 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ስለ መንግሥት ደን፣ ስለ ግል ደንና ስለሚጠበቅ ደን ሦስት አዋጆችን ባንድ ጊዜ አወጣ፤ ቁጥር 225፣ 226 እና 227። ጀርመናዊው ፎን ብራይተንባኽ በዚያ ሰሞን የአገሪቱን ደኖች በዓይነት ከፋፍሎ ጽፎ፣ እ.ኤ.አ. በ1963 ስለ አገር በቀል ዛፎች መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ሕጉም መጽሐፉም ዛፉን በዓይነቱ ያውቁታል። የአንድ ዳገት አንድ ሄክታር ምን ይዟል ቢባሉ ግን አይመልሱም።

ጥግግትን በተግባር የሚያውቀው የጉራጌ ገበሬ ነበር፤ የሚያውቀው ግን በባሕር ዛፉ ላይ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ሲሻሻል አጠናና ማገር ገበያ አገኘ። ባለ ባሕር ዛፉ ከቆረጠ በኋላ ከጉቶው የሚያቆጠቁጠውን ያያል፤ ቀጭን ማገር ከፈለገ ብዙውን ይተዋል፣ ወፍራም ከፈለገ ሁለት ሦስቱን አስቀርቶ ሌላውን ይመለምላል። ሬይኒኬን ሳያነብ ሬይኒኬ ያለውን ያደርጋል። ከጓሮው በላይ ያለው ጥድና ዝግባ ላይ ይህ ዕውቀት አልተሠራበትም። አንደኛ የእርሱ አይደለም፤ ሁለተኛ ደግሞ ባሕር ዛፍ አንድ ዘር ነው፣ ያኛው ቅልቅል ነው።

የካቲት 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ አደረገ። ደኑም ከባለርስት ወደ መንግሥት ዞረ። በ1970 ዓ.ም. ወንዶ ገነት ላይ የደን ትምህርት ቤት ተከፈተና አገሪቱ በራሷ ልጆች የመለካት ዕድል አገኘች። በዚያው ሰሞን ቻፊ የተባለ እንግሊዛዊ የሚመራው ቡድን በሙነሳና ሻሸመኔ፣ ከዚያም በደቡብ ምዕራብ ደኖች ስንት እንጨት እንዳለ ቆጠረ። ዓላማው እንጨቱ ነበር፤ ለመጋዝ የሚሆን ስንት አለ ነው ጥያቄው። በ1972 ዓ.ም. የደንና የዱር አራዊት አዋጅ ቁጥር 192 ወጣ።

እዚህ ላይ ቡታጅራ ወደ ትረካው በሌላ በር ትገባለች። እ.ኤ.አ. በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በመስቃንና ማረቆ ውስጥ አሥር ቀበሌዎችን መረጠና የነዋሪውን ልደት፣ ሞት፣ መምጣትና መሄድ በቋሚነት መመዝገብ ጀመረ። የቡታጅራ የገጠር ጤና ፕሮጀክት ይባላል፤ ስሙ በዓለም የጤና መጽሔቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ተነስቷል። ለደን ባለሙያ ይህ ባዕድ ነገር አይደለም። ቢዮሌ በኩቬ ያደረገው ያንኑ ነው፤ ስንት ቡቃያ ገባ፣ ስንቱ ደረቀ፣ ስንቱ ወፈረ። አንድ ጊዜ መቁጠር የሕዝቡን ብዛት ይነግራል፤ ወዴት እየሄደ እንደሆነ የሚታወቀው ያንኑ ቤት ደጋግሞ በማንኳኳት ነው። ከተራራው ሥር ያለው ሰው በዚህ ዘዴ ሲመዘገብ፣ በአገር ደረጃ ለዛፍ እንዲህ ያለ ቋሚ መዝገብ እስኪጀመር ገና ወደ ሠላሳ ዓመት ይቀር ነበር።

በመንግሥት ለውጡ፣ በ1983 ዓ.ም.፣ ጠባቂ ያልነበረው ደን በየቦታው ተጨፈጨፈ። የሽግግሩ መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 94/1986 መልስ ሰጠ። በዚያ ሕግ ኮሶ፣ ዝግባ፣ ጥድና ዋንዛ ከተፈጥሮ ደን እንዳይቆረጡ ታገዱ፤ አራቱም የዘቢዳር ግርጌ ሰው በስማቸው የሚጠራቸው ናቸው። እገዳው ያስፈለገው የቸገረ ነገር ስለነበር ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን "ዜሮ" የሚል ገደብ ምንም ዓይነት ቆጠራ አይፈልግም። ስንት ቀርቷል፣ ስንት እየበቀለ ነው የሚለውን ሳያውቁም መከልከል ይቻላል፤ የሆነውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

ቆጠራው ከዩኒቨርሲቲ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1993 ታምራት በቀለ በኡፕሳላ ባሳተሙት ጥናት የሸዋን አራት ደኖች ማለትም ጭሊሞን፣ ጅባትን፣ መናገሻንና ወፍ ዋሻን መረመሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 ደግሞ ደመል ተክታይ በኡሜኦ ስለ ዘርና ስለ ዳግም መብቀል የዶክትሬት ሥራቸውን አቀረቡ። የቡታጅራን ሰው ለመቁጠር ያገዘች ከተማና የደጋ ደናችንን ቡቃያ ያስቆጠረች ከተማ አንድ መሆናቸው የአጋጣሚ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ተማሪዎች ገመድና ሜትር ይዘው ወደ ደን ይወጣሉ።

ሥራው እንዲህ ነው። ሃያ ሜትር በሃያ ሜትር የሆነ ቦታ በገመድ ይካለላል። ዳገት ከሆነ ገመዱ መሬቱን ተከትሎ ሳይሆን አግድም ተወጥሮ ነው የሚለካው፤ አለዚያ ቦታው በወረቀት ላይ ከእውነተኛው ይሰፋል። ለካቹ ከዛፉ በላይኛው ዳገት በኩል ይቆማል፤ ሜትሩን ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ግንዱን ያዞራል። ጥድ ልጡ በረጃጅሙ እየተላጠ ስለሚንጠለጠል የላላውን ገፍፎ ማዞር ግድ ነው። ወይራ ከታች ሁለት ሦስት ሆኖ ከተከፈለ እያንዳንዱ ግንድ ለብቻው ይለካል። ዙሪያው በ3.14 ሲካፈል ውፍረቱ ይገኛል። የቦታው ስፋት 400 ካሬ ሜትር ስለሆነ በውስጡ የተገኘ አንድ ዛፍ በሄክታር ሃያ አምስት ተብሎ ይጻፋል። ቡቃያው ደግሞ በዚያው ውስጥ በሚከለሉ ትናንሽ ቦታዎች፣ በጉልበት ተንበርክኮ፣ ሣር እየገለጡ ይቆጠራል። አድካሚው ይኸኛው ነው።

ሒሳቡ ሲሠራ ዓይን ያላየው ይወጣል። አሥር ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ዛፍ የግንዱ ገጽ 0.00785 ካሬ ሜትር ነው፤ አንድ ሜትር የሚወፍረው ደግሞ 0.785። አንዱ ወፍራም ከመቶ ቀጫጭን ጋር እኩል ይመዝናል። በሄክታር 500 ዛፍ ያላቸው ሁለት ደኖች ቢኖሩ፣ የአንዱ ሁሉም አሥር ሳንቲ ሜትር ከሆኑ ድምሩ አራት ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሌላው ሠላሳ ከሆኑ ሠላሳ አምስት ይደርሳል። በመቶኛ ሲወራ ሁለቱም "ደን" ናቸው።

ከዚህም የሚከፋ አለ። ጥድ ብርሃን ፈላጊ ነው፤ በራሱ ጥላ ሥር ቡቃያው አያድግም። ስለዚህ ወፋፍራም ጥዶች ተጠጋግተው የቆሙበት፣ ለዓይን የሚያምር ደን ከሥሩ ምትክ የሌለው ሊሆን ይችላል። ዝግባ ደግሞ ጥላ ይችላል፤ ቡቃያው ከወላጁ ሥር ዓመታት ይጠብቃል። ለጥድ የሚበጀው መክፈት ነው፤ ዝግባ ያን ያህል አያስፈልገውም። በጥናቶቹ የደ ሊዮኩር መስመር የሚሳለው ለደኑ በጠቅላላው ብቻ ከሆነ ይህ ይደበቃል፤ ለየዘሩ ሲሳል ነው አንዱ ቁልቁል በሥርዓት ሲወርድ፣ ሌላው መሐሉ ተጎርዶ፣ ሦስተኛው ወፍራም ብቻ ቀርቶት የሚታየው። የነደመል ሥራ ደግሞ ሌላ ማስጠንቀቂያ ጨመረ። የደረቅ ደጋ ደን አብዛኞቹ ትልልቅ ዛፎች ዘራቸውን በአፈር ውስጥ ለረጅም ጊዜ አያቆዩም። አፈሩ ውስጥ የሚገኘው በብዛት የሣርና የአረም ዘር ነው። አሮጌው ዛፍ ከተቆረጠና ቡቃያ ከሌለ፣ አጥር አጥሮ መጠበቅ ብቻውን ዝግባን አያመጣም።

እ.ኤ.አ. በ1996 ፋርም አፍሪካ በጭሊሞና በቦንጋ አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለውን ጀመረ። ነዋሪው ከባለሙያ ጋር ሆኖ ደኑን በብሎክ ይከፍላል፣ ናሙና ይለካል፣ ከዚያ ምን መውሰድ እንደሚቻል ይፈራረማል። በአዳባ ዶዶላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በጀርመን ድጋፍ የደን ነዋሪዎች ማኅበራት ተቋቋሙ። አንድ ብሎክ 360 ሄክታር አካባቢ ሆኖ ከሠላሳ አባወራ በላይ እንዳይዝ ተደረገ፤ ለአንዱ አባወራ 12 ሄክታር ማለት ነው። በእነዚህ ቦታዎች የተደረገው ይህ ነገር ከ"አትንካ" ወደ "ይህን ያህል ንካ" የተደረገ የመጀመሪያው እውነተኛ ሽግግር ይመስለኛል።

የመቶኛው ክርክር በጎን ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ1900 ኢትዮጵያ 40 በመቶ በደን የተሸፈነች ነበረች የሚለው አባባል በየሪፖርቱ መግቢያ ይጻፍ ነበር፤ የታሪክ ሊቁ ጄምስ ማካን እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተመው ጥናት አጥብቆ ሞገተው። እ.ኤ.አ. በ2004 የእንጨት ባዮማስ ቆጠራ ፕሮጀክት የተፈጥሮ ከፍተኛ ደኑን 4.07 ሚሊዮን ሄክታር፣ ማለትም ከአገሪቱ 3.56 በመቶ ብሎ አስቀመጠ። ከአሥር ዓመት ግድም በኋላ ቁጥሩ 15.5 በመቶ ሆነ። ደን በአሥር ዓመት አራት እጥፍ አልበቀለም፤ የተለወጠው ትርጉሙ ነው። በአዲሱ ትርጉም ግማሽ ሄክታር መሬት ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍታ ባላቸው ዛፎች ከመቶ ሃያ እጁ ከተሸፈነ ደን ነው፤ ቀርከሃም ይቆጠራል። የቆላው ጫካ በብዛት በዚህ በር ገባ። ከመቶ ሰማንያው ለሰማይ ክፍት የሆነ ጫካና ጥቅጥቅ ያለ ዝግባ ባንድ ስም ተጠሩ። ውሸት አይደለም፤ የቡታጅራን የደን ባለሙያ ግን ምንም አያግዘውም።

ከትርጉሙ ጋር አብሮ የመጣው ግን ትልቅ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 የአካባቢ፣ የደንና የአየር ንብረት ለውጥ ሚኒስቴር ከዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ጋር ሆኖ የመጀመሪያውን ብሔራዊ የደን ቆጠራ አካሄደ። በየናሙናው ጣቢያ ሃያ ሜትር በ250 ሜትር የሆኑ አራት ቦታዎች ተለኩ፤ ተመልሶ ለመለካት እንዲቻልም ተመዘገቡ። ቢዮሌ ቢያየው ደስ ባለው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ባንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነገረ። የምኒልክ ዘመን አመል በትልቁ ተመለሰ ማለት ነው፤ የሚቆጠረው የተተከለው ነው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ግን ብዙ ሳይወራለት ቀረ። የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደን ብሎ ለባለቤትነት ዕውቅና ሰጠ። ባለቤት የሆነ ማኅበር ደኑን በዕቅድ መያዝ አለበት፤ ዕቅዱም ያለ ልኬት አይጻፍም።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆነች። ብሔራዊ ቆጠራው ለአገር የተሠራ ነውና ናሙናው ተራርቆ የተበተነ ነው፤ ከእርሱ ላይ የአንድን ዳገት ጥግግት ቆርሶ ማውጣት አይቻልም። የሚቀረው እዚያው መለካት ነው። መቶ ሄክታር ለሆነ የደን ቁራጭ ሃያ በሃያ የሆኑ ሃያ አምስት ቦታዎች አንድ በመቶውን ይሸፍናሉ፤ ለመጀመሪያ መዝገብ መጥፎ አይደለም። በመዝገቡ ላይ ጥዱ ወፍራም ብቻ ሆኖ ከተገኘ፣ ብርሃን የሚገባበት ክፍተት የቱ ጋ ይሁን የሚለው ይመጣል። ባሕር ዛፍ ከጓሮ ተሻግሮ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደሆነ መጀመሪያ የሚወጣው እርሱ ነው። የኮሶ ቡቃያ ከሃያ አምስቱ ቦታ በአንዱም ካልታየ ደግሞ ችግኝ ከማፍላት በፊት የሚጠየቀው ፍየሉና ላሙ የት እንደሚውሉ ነው።